የሥራ ክብርና ከዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ የቀረ ዕዳ

ሰው ጥሮ ግሮ፤ በፊቱ ወዝ እንጀራውን እያገኘ እንዲኖር ከአባቱ ከአዳም ጀምሮ የተሠራበት ሕግ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ሕጉን ማወቅ ሌላ፤ በሕጉ የሚኖረውን ሰው ማክበር ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የኖረው ልማድ ከዚህ ሕግ ጋራ የሚጣላ ነበር። እንጀራው በገበታ ሲቀርብ ይመሰገናል፤ ምጣዱን የሠራችው ሸክላ ሠሪ ግን ከደጅ ትመለሳለች። ሸማው በትከሻ ሲጣል ያስከብራል፤ ሸማኔው ግን በሥራው ስም ይሰደባል። ማረሻው መሬቱን ሲገምስ ይባረካል፤ ብረቱን በእሳት ያለዘበው ሰው ግን ዓይኑ ክፉ ነው ተብሎ ይፈራል። መጽሐፉን ለመሳለም ሕዝብ ይጋፋል፤ ቀለሙን በጥብጦ በብራናው ላይ የጻፈው ሰው ግን ጠንቋይ ይባላል።

ይህ ልማድ አገርን ምን ያህል እንዳደኸየ ተመልክተው በመንግሥት ሕግ ሊያቆሙት የተነሡት ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በጥር ወር 1900 ዓመተ ምሕረት ያወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ነው። አንድ መሪ ስለ ሥራ፤ ስለ ጽናትና ስለ ጠባይ ያለውን አሳብ እንደዚህ ገልጦ የተናገረበት ቃል በታሪክ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ አዋጁን ከነምክንያቱና ከነፍጻሜው መመርመር ሹመት ለተቀበለ ሰውም፤ መጽሐፍ ለሚያነብ ካህንም የሚጠቅም ነው። ይልቁንም የአዋጁ ፍጻሜ የቀረው በእነዚህ በሁለቱ እጅ ስለ ሆነ፤ ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ ነበር፤ የአዲስ አበባም ታላቅ ገበያ አራዳ ነበር። ዛሬ ፒያሳ እየተባለ የሚጠራበት ስም የመጣው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው፤ ገበያውንም ነቅሎ ወደ ምዕራብ፤ ወደ መርካቶ ያዛወረው ያው የጣልያን አገዛዝ ነው። ከዚያ በፊት ግን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ቦታ እህሉና ቅቤው፤ አሞሌ ጨውና ሸማው፤ በቅሎና ፈረሱ፤ ማረሻና ማጭዱ የሚሸጥበት ነበር። ስለዚህ አራዳ የሰው እጅ ሥራ ሁሉ የሚሰበሰብበት፤ ያንኑ ሥራ የሠራው ሰው ደግሞ የሚናቅበት ሥፍራ ነበረ ማለት ይቻላል። ሻጭና ገዢ በዋጋ ሲከራከሩ ዋጋው ካልተስማማ ስድቡ የሚጀምረው በሰውዬው ሥራ ነበርና።

በዚያው ጊዜ ይኸው ሥፍራ እንደ አዲስ ሲታነጽ ይታይ ነበር። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ገና ሃያ ዓመት ያህል ቢሆናት ነው፤ የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ሥራውን ጀምሯል፤ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም እንግዳ መቀበል የያዘው በእነዚያው ዓመታት ነው። ለአድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሕንፃ ሥራም ተጀምሮ ነበረ። ይህን ሁሉ ለመሥራት ግንበኛ፤ አናጢ፤ ብረት ሠሪ፤ ቆዳ አልፊ፤ ኖራ አቃጣይ ያስፈልግ ነበር። ከተማይቱ በባለ እጆች ክንድ ትቆማለች፤ ባለ እጆቹ ግን በከተማይቱ ገበያ ቀና ብለው አይሄዱም።

የሰፈሮቹም ስም ይህንኑ ታሪክ ያስታውሳል። ከአዲስ አበባ የቀድሞ ሰፈሮች ብዙዎቹ የተጠሩት በመኳንንት ስም ነው፤ በፒያሳ አጠገብ ያለውን የደጃዝማች ውቤን ሰፈር ለምሳሌ መጥቀስ ይበቃል። ከአራዳ ጊዮርጊስ ሳይርቅ ግን በማንም መኰንን ስም ያልተጠራ፤ በነዋሪዎቹ ሥራ ብቻ የተጠራ ሰፈር አለ፤ እርሱም ሠራተኛ ሰፈር ነው። ለቤተ መንግሥቱና ለከተማው ሥራ የመጡ ባለ እጆች የሰፈሩበት ስለ ሆነ ይህን ስም አገኘ። በዚያው በአራዳ ክፍል ደግሞ ሰባራ ባቡር የሚባል ሥፍራ አለ፤ ስሙን ያገኘው አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለመንገድ ሥራ ካስመጣው፤ በኋላም ተሰብሮ ከቆመ የእንፋሎት ባቡር እንደ ሆነ ይነገራል። እነዚህን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን አድርጎ የሚመለከት ሰው ትምህርት ያገኝባቸዋል። ባቡር በገንዘብ ይገዛል፤ ባቡሩን የሚያድሰው ሰው ግን በገንዘብ ብቻ አይገኝም። ሠራተኛ ባልከበረበት አገር የማናቸውም መሣሪያ መጨረሻው ሰባራ ባቡር መሆን ነው።

ወደ አዋጁ ቃል የተመለሱ እንደ ሆነ፤ አዋጁ የስድብ ስሞቹን አንድ ባንድ ይቈጥራል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፤ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያሉ መስደብ፤ ሸማ የሚሠራውን በሸማኔነቱ ማቃለል፤ የሚጽፈውን ጠንቋይ ማለት፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውን በደብተራነቱ መንቀፍ፤ አራሹንም ነጋዴውንም በየሥራው ማዋረድ ሁሉ በአዋጁ ተዘርዝሯል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተውሉት ነገር እዚህ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አራሹንና ነጋዴውን፤ ጸሐፊውንና ደብተራውን ከአንጥረኛውና ከቆዳ ፋቂው ጋራ በአንድ ረድፍ አቆሟቸው። ደብተራው በጠይቡ ይስቅ ነበር፤ ነገር ግን ራሱም ከሚሳቅባቸው መካከል ተቈጥሮ ተገኘ። አራሹ ሸማኔውን ይንቅ ነበር፤ ነገር ግን እርሱንም ባላገር ብሎ የሚንቀው ሌላ ሰው ነበረ። እንግዲህ ከዚህ ቍጥር ውጭ የሚቀረው ማን ነው ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፤ መልሱ የማይሠራው ሰው ብቻ ነው የሚል ይሆናል። አዋጁም ይህን አልሸሸገም፤ ብልሁን የሚሰድበው ሰነፉ መሆኑን ገልጦ ይናገራል።

ምክንያቱም ሦስት ነው። የመጀመሪያው ከሃይማኖት የተገኘ ነው፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን ስለ ተወለደ በሥራው ምክንያት ዘሩ የሚለይ ሰው የለም፤ ይህን መለየት ያመጣው አለማወቅ ነው። ሁለተኛው ከሌሎች አገሮች ምሳሌ የተገኘ ነው፤ በአውሮፓ መድፍና ጠመንጃ፤ ባቡርና ሌላም አዲስ ነገር የሚያወጣ ሰው መሐንዲስ ተብሎ ይከበራል፤ ረዳትም ይጨመርለታል እንጂ በሥራው አይሰደብም። ሦስተኛው የመንግሥት ምክንያት ነው፤ ስድቡ በዚሁ ከቀጠለ ሠራተኛው ሥራውን ይተዋል፤ አገሪቱም ማረሻ የሚሠራላት እንኳ አጥታ ጠፍ ትሆናለች። ሰው ሁሉ ሥራ ፈት ከሆነ መንግሥትም አገርም አይኖርም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ቅጣቱ ይከተላል። ሠራተኛን በሥራው የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል፤ የአንድ ዓመትም እስራት ይፈረድበታል። ሹሙ ተሳዳቢውን ለማሰር የማይችል ቢሆን ይዞ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይልከው ዘንድ ታዘዘ። ይህ የመጨረሻው ቃል ብዙ የሚያስረዳ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተሳዳቢዎቹ ብዙ ጊዜ ከሹሙ የበለጡ ታላላቅ ሰዎች መሆናቸውን፤ ሹሙም ሊፈራ እንደሚችል አውቀዋል ማለት ነው። ሕግ ሲያወጡ ሕጉ የሚሰናከልበትን ሥፍራ አስቀድሞ ማየት የመሪ ጥበብ ነው።

ጊዜውንም ማስተዋል ይገባል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዳግማዊ ምኒልክ በአውሮፓ ሥርዓት ዘጠኝ ሚኒስትሮች ሹመዋል፤ ከእነርሱም መካከል የእርሻ ሚኒስትር ነበረ። የአራዳ ገበያ ሹም የነበሩት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስም የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ሥራን የሚያዝዙት ሹማምንት ከተሾሙ ከሦስት ወር ያህል በኋላ፤ ሥራን የሚሠሩት እንዳይሰደቡ አዋጅ ወጣ። አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ከዚህ ይታወቃል። አዛዥ ቢበዛ ሠሪው ከተናቀ ትእዛዙ በወረቀት ላይ ይቀራልና።

የዳግማዊ ምኒልክ አሳብ በአዋጅ ብቻ የተገለጠ አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ድረስ በቈየው በክፉ ቀን ዘመን የከብት እልቂት መጥቶ በሬው ሁሉ ባለቀ ጊዜ፤ አርሶ መብላት የለመደው ሕዝብ እጁን አጣጥፎ ሞቱን ይጠብቅ ጀመር። መኰንኑና ወታደሩ ዶማ መያዝ ነውር ይመስለው ነበር። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቈፈራቸውን፤ መኳንንቱም ይህን አይተው መከተላቸውን የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። በሬ በሌለበት አገር ረኃብን የሚመልሰው እጅ ብቻ ነበር፤ እጁን ግን ነውር አስሮት ነበር። ያን እስራት ለመፍታት የንጉሥ እጅ አስፈለገ። እንግዲህ በ1900 የወጣው አዋጅ በድንገት የመጣ አሳብ ሳይሆን፤ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት በረኃብ ዘመን የታየውን እውነት በሕግ የጻፈ ነው።

ስለ ስዊሳዊው መሐንዲስ ስለ አልፍሬድ ኢልግ የሚተረከውም ከዚሁ ጋራ የሚሄድ ነው። ኢልግ በ1871 ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ነበሩ። በመጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው እንደ ነበረ ይተረካል። በአውሮፓ ታላቅ ትምህርት ቤት የተማረው ሰው ጫማውን ሠርቶ አቀረበ፤ ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ኢልግም ከውጭ አገር የሚመጣው ጠመንጃ የተሻለና ርካሽ መሆኑን ቢያመለክት ንጉሡ እሺ አላሉም፤ ጠመንጃው በአገራቸው እንዲሠራ ፈለጉ፤ ተሠራም። ይህን ነገር እንደ ጨዋታ አድርጎ ማለፍ ይቻላል፤ ቁም ነገሩን ያየ ሰው ግን ሁለት ትምህርት ያገኝበታል። አንደኛው፤ በአገሩ ልማድ የፋቂ ሥራ የተባለውን የጫማ ሥራ ንጉሡ ለመሐንዲስ ማዘዛቸው ቆዳ መስፋትንና ድልድይ መሥራትን አንድ የእጅ ጥበብ አድርገው ስለ ቈጠሩ ነው። ሁለተኛው፤ ዕቃውን ከማግኘት ይልቅ አሠራሩን ማወቅ እንደሚበልጥ መረዳታቸው ነው። የተገዛ ጠመንጃ ያረጃል፤ መሥራት የሚያውቅ እጅ ግን ሌላውን እጅ ያስተምራል።

ስለ ጽናት ደግሞ የምድር ባቡሩ ታሪክ ይበቃል። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ የፈቀዱት በ1886 ነው። ገንዘብ አነሰ፤ የውጭ መንግሥታት በጥቅም ተጣሉ፤ በቤተ መንግሥትም ባቡር ጠላትን ያመጣል የሚል ብዙ ነበረ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው፤ ከዚያም ሥራው ብዙ ዓመት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ሲሆን፤ ከፈቃዱ ሃያ ሦስት ዓመት፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ዕረፍት ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ያስጀመሩት ሥራ መጨረሻውን አላዩም። ነገር ግን ጽናት ማለት ራስ የሚያየውን ብቻ መጀመር አይደለም፤ ጥድ የሚተክል ሽማግሌ ጥላውን የሚያስብ ለልጅ ልጁ ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስም ሕንፃ ሌላ ምስክር ነው። በ1903 የተፈጸመው ይህ ስምንት ማዕዘን ያለው ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በአድዋ ጦርነት በተማረከው በጣልያናዊው መሐንዲስ በሰባስቲያኖ ካስታኛ መሪነት ነው። ጠላት ሆኖ የመጣውን ሰው ጥበቡን አክብሮ ለድሉ መታሰቢያ የሚሆነውን ቤት ማሠራት የሰፊ ልብ ሥራ ነው። ጥበብን ከጠላት እጅ እንኳ የተቀበለ ንጉሥ፤ የራሱ ሕዝብ ያገሩን ጠይብ ሲሰድብ ዝም ለማለት አለመቻሉ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። በዚያው ዘመን የአገሩ ሥራ ትልቁ ክፍል የሚሠራው በገባርና በባሪያ ጉልበት ነበር። ገባሩ የሹሙን እርሻ ያርሳል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ አጥር ያጥራል፤ ለዚህም ሁሉ ምስጋናም ዋጋም የለውም። የባርነት ሥርዓት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ነው። በግድ የሚሠራ ሰው ባለበት አገር ሥራ የውርደት ምልክት መሆኑ አይቀርም፤ ነጻ የሆነ ሁሉ ነጻነቱን የሚያሳየው ባለመሥራት ነበርና። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ስድቡ የበቀለበትን መሬት ግን ገና አላረሰውም ነበር። ይህንን መናገር የዳግማዊ ምኒልክን አሳብ ማሳነስ አይደለም፤ አሳቡ ከዘመኑ ምን ያህል እንደ ቀደመ ማሳየት ነው እንጂ።

ለአዋጁ አለመፈጸም ሌላው ምክንያት የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ነው። አዋጁ ከወጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፤ በ1902 መጀመሪያ፤ ሕመሙ ጸንቶባቸው ከሥራ ተለዩ፤ በታኅሣሥ ወር 1906ም አረፉ። ሹሙ ተሳዳቢውን ለማሰር ቢፈራ ወደ እኔ ይላክ ብለው ነበር፤ አሁን ግን የሚላክበት ደጅ ተዘጋ። የሕጉ ኃይል በአንድ ሰው ላይ ብቻ የቆመ ስለ ነበረ ሰውየው ሲታመም ሕጉም አብሮ ታመመ። ስድቡ ወደ ገበያው ተመለሰ፤ ሹሙም እንዳልሰማ ሆነ።

የዚህን መከራ የቀመሱ ብዙዎች ናቸው፤ ከአራዳ ጥቂት ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ በቀጨኔ የሚኖሩት ባለ እጆች ግን ቅርብ ምሳሌ ይሆናሉ። ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፤ ወንዶቹ ሸማ ይሠራሉ፤ ብረትም ይቀጠቅጣሉ። ጀበናው፤ ድስቱ፤ ምጣዱ ከእነርሱ እጅ ወጥቶ በአዲስ አበባ ቤት ሁሉ ገብቷል። እነርሱ ግን ቡዳ እየተባሉ፤ ጋብቻ እየተከለከሉ፤ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት እየተነቀፉ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ቡናው በጀበናቸው ይፈላል፤ በቡናው ዙሪያ ግን ስማቸው ይነሣል። አዋጁ በወጣበት ከተማ፤ ከገበያው በእግር በሚደረስበት ሥፍራ ይህ መሆኑ፤ ስድብን በነጋሪት ድምፅ ብቻ ማጥፋት እንደማይቻል ያስረዳል።

ፒያሳም ራሱ ሌላ ምሳሌ አለው። ለብዙ ዘመን በወርቅ ቤቶቹ የታወቀ ሥፍራ ነው፤ ሙሽራ የሚሆን ሁሉ ቀለበቱን ፍለጋ ወደዚያ ሲወጣ ኖሯል። ያን ቀለበት የሚሠራው አንጥረኛ በጥንቱ ልማድ ከጠይብ ጋራ የተቈጠረ ሰው ነው። ወርቁ በጣት ላይ ሲሆን የፍቅርና የክብር ምልክት ሆነ፤ ወርቁን ያነጠረው እጅ ግን ለጋብቻ አይመረጥም ነበር። ከዚህ የበለጠ የልማድን አለመስተካከል የሚያሳይ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

እርግጥ ነው ነገሩ እንደ ነበረ አልቀረም። በ1934 በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስሙም በግዕዝ የእጅ ሥራ ማለት ስለ ሆነ፤ የእጅ ሥራ ከመጽሐፍ ቋንቋ ጋራ ታረቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህም ብዙ የሙያ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ሕጉም የሰውን ልጅ ሁሉ እኩልነት ይናገራል። ጠይብና ፋቂ የሚለው ስድብም እንደ ቀድሞው በአደባባይ አይሰማም። ዳሩ ግን ስድብ መልኩን ለውጦ ይመጣል። ልጁ በእጁ የሚሠራበትን ሙያ ልማር ሲል ከትምህርት ወድቀህ ነው ወይ የሚለው አባት ያንኑ የቀድሞውን ስድብ ተናግሯል። ወንበር ያለውን ሥራ ብቻ ሥራ ብሎ የሚጠራ፤ ሥራ የለኝም እያለ በሠራተኛ እጅ የተሠራውን ሁሉ የሚለብስና የሚበላ ወጣት ያንኑ ስድብ ወርሷል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሹም የሆነ ሰው ራሱን ሊመረምር ይገባል። አዋጁ ቅጣቱን በሹሙ እጅ አኑሮታልና። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ስድብ የሚባለው በአፍ የሚወጣው ብቻ አይደለም። ግንበኛው ሥራውን ፈጽሞ ዋጋውን ለመቀበል ወር ሙሉ ሲመላለስ፤ ይህ ስድብ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ለአቤቱታ መጥታ በደጅ ስትውል፤ ካፖርት የለበሰው ግን በመጣበት ሰዓት ሲገባ፤ ይህ ስድብ ነው። ሹሙ ራሱ አርፍዶ እየገባ የጽዳት ሠራተኛዋን ዘገየሽ ብሎ ሲቈጣ፤ ይህ ስድብ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ የያዙት ዶማ የሚይዝ ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ ሌላው ሰው ዶማ መያዝ እንዳያፍር ነው እንጂ። የሹም ትጋት ለሠራተኛው ከመቶ ማስታወቂያ ይልቅ ይናገራል።

ካህንም ድርሻ አለው፤ እንዲያውም ድርሻው ከሹሙ ይከብዳል፤ ሹም የሚቀጣው በሥራ የተገለጠውን ነው፤ ካህን ግን ወደ ልብ ይገባልና። በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑን ሥራ ይሠራ ዘንድ የጥበብ መንፈስ የተሰጠው ባስልኤል ወርቅ አንጥረኛና እንጨት ጠራቢ ነበረ። ጌታን ያሳደገው ዮሴፍ አናጢ ነበረ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር። የአባ ጳኵሚስ የምንኵስና ሥርዓትም ጸሎትን ከእጅ ሥራ ጋራ ያጣመረ ነው። ጠይብ ቡዳ ነው የሚለውን ወሬ የሚያጠፋ ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት ይገኛል? ካህኑ ይህን ሁሉ እያነበበ፤ በሰንበቴው ማኅበር የአንጥረኛ ልጅ ሲገፋ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን፤ ዝምታው እንደ ምስክርነት ይቈጠራል። ደግሞም ጸሐፊውና ደብተራው በአዋጁ ውስጥ ከተሰደቡት መካከል መሆናቸውን አይርሳ። በአንድ አዋጅ የተከበሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሊናናቁ አይገባም።

አባትና እናትም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። ጽናትና ጠባይ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በቤት ውስጥ ይጀምራል። ልጅ የተበጠሰ ጫማውን ወደ ሰፊው ሲወስድ ሰፊውን ምን ብሎ እንደሚጠራው የሚማረው ከአባቱ አፍ ነው። ጋሼ ብሎ የጠራ ልጅ ሥራንም ማክበር ተማረ፤ አንተ ብሎ የጠራ ልጅ ግን ነገ ራሱ የሚሠራበትን ሥራ አስቀድሞ ናቀ።

የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923፤ በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ፤ በአራዳ ተመረቀ። ጠላት በወረራው ጊዜ ከሥፍራው ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ግን ተመልሶ ቆመ። በየካቲት 2016 ደግሞ በዚያው አካባቢ የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ የሚባሉት የቀድሞ ሰፈሮች ፈርሰው ፒያሳ መልኳን ለውጣለች። ከተማ ማደስ መልካም ነው፤ መታሰቢያም ማቆም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሐውልቱን ያቀለጠው፤ መታሰቢያውን የገነባው፤ ድንጋዩን የጠረበው ሁሉ አዋጁ የተነገረለት ሰው ነው። በፈረስ ላይ ያለውን ንጉሥ ቀና ብሎ እያየ፤ ከሐውልቱ ሥር ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው የንጉሡን መልክ አየ እንጂ የንጉሡን አሳብ አላየም።

እንግዲህ ከጥር 1900 የቀረው ዕዳ ከመቶ ዓመት በላይ አስቈጥሯል። ዕዳውን ለመክፈል አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ቃሉ አስቀድሞ ተነግሯልና። የሚያስፈልገው እያንዳንዱ በተሾመበትና በተጠራበት ሥፍራ ሠርቶ ማሳየት፤ የሚሠራውንም ማክበር ነው። ሹሙ የሠራተኛውን ዋጋ በጊዜው ይክፈል፤ ካህኑ የሠራተኛውን ክብር በዐውደ ምሕረት ይናገር፤ አባት ለልጁ የባለ እጅን ስም በአክብሮት ያስተምር። ይህ የሆነ እንደ ሆነ ብልሁ በሰነፉ መሰደቡ ይቀራል፤ ማረሻ የሚሠራም ለአገሪቱ አይታጣም።